ዘይት ላይ የበተንሁት ጭድ

እግሬን የሰበረው ዘይቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ዘይት እንደሚያንሸራትት ሕፃንም ያውቃል። እኔን የጣለኝ ግን፣ ይይዝልናል ብዬ በገዛ እጄ ዘይቱ ላይ የበተንሁት ጭድ ነው። ጭድ መበተንን የተማርሁት ከአባቴ ደጅ ነውና ነገሬን ከዚያ ልጀምር። በዘይት ቤት፣ በወጥ ቤት፣ በወፍጮ ቤት፣ ወለል በሚረጥብበት ቦታ ሁሉ የምትሠሩ እህቶቼ እስከ መጨረሻው ብትከተሉኝ ደስ ይለኛል።

ቤታችን ጉና ተራራ ተዳፋት ላይ ነው። መኪና ከሚቆምበት መንገድ ተነስቶ ሦስት ሰዓት ያህል ሽቅብ ያስኬዳል። ክረምት ሲገባ ደጃችን ማጥ ይሆናል፤ አንዴ እግሩን ያስገባ ሰው ጫማውን ትቶ ነው የሚወጣው። አባቴ፣ እኛ አባየ የምንላቸው፣ እንግዳ ይመጣል በተባለ ቀን ማለዳ ተነስተው የከረመ የገብስ ጭድ በእቅፍ በእቅፍ ያመጡና ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ደፍ ድረስ ይበትኑታል። እኔ ከኋላ ከኋላቸው እየሄድሁ የሳሳበትን እሞላለሁ። የነፍስ አባታችን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ በዚያ ጭድ ላይ ቀስ ብለው ሲራመዱ እስካሁን ይታየኛል። «አይ የእናንተ ደጅ! ምንጣፍ አንጥፋችሁ ጠበቃችሁኝ» ይሉ ነበር። አባየ በዚህች ቃል ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሏቸው ይሰነብታሉ። እርጥብ ጭድ ሲረገጥ የሚሰጠው ሽታ ዛሬም የትም ቦታ ቢሸተኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የአባየ ጀርባ ነው፤ ጎንበስ ብለው፣ ጭዱን አቅፈው።

እማየ ካረፈች በኋላ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ቤት ያዝሁ። ታናናሾቼ ከፍ ከፍ ሲሉ ሥራ ፍለጋ ደብረ ታቦር ወረድሁ። ያገኘሁት ሥራ ኑግ የሚጨመቅበት ዘይት ቤት ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ሞላ ይባላሉ። አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ የዝና የሐሙሲት ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከእናቴ ይቀራረባል፤ በተከራዩዋት አንዲት ክፍል እኔንም አስጠጉኝ። ሥራዬ ኑጉን ማበጠር፣ ዘይቱን በጀሪካን መቅዳትና ወለሉን ማጽዳት ነበር።

ያን ቤት እወደው ነበር። ኑጉ ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ ልብስ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጆቹ «ዘይቶች መጡ!» እያሉ ይቀልዱብን ነበር፤ እትዬ የዝናም «እናንተ ደግሞ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታላችሁ» ብለው ይመልሱላቸዋል። ማሽኑ ስለሚጮህ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በእጅና በዓይን ነው የሚግባባው። ይህ ለእኔ ተመችቶኝ ነበር። ዓይን አፋር ነኝ፤ ሰው ሲያየኝ ቃል ከአፌ አይወጣም። ማሽን በሚጮህበት ቤት ግን ዝም ማለቴን የሚያስተውል አልነበረም።

ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ለዓመታት ዘይት ሲጠጣ ኖሮ ለስልሶ ያብረቀርቃል። እትዬ የዝና ጠዋትና ማታ ተንበርክከው የተንጠባጠበውን በጆንያ ቁራጭ ይጠርጉ ነበር። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሲነሱ በርሜሉን ተደግፈው «ወይ እመቤቴ» ይላሉ።

ሐምሌ ገባ። ኑግ የሚያመጡ ሰዎች በጫማቸው ጭቃ ይዘው መግባት ጀመሩ። ጭቃው ከዘይቱ ጋር ሲላቆጥ ወለሉ አላስቆም አለ። አንድ ቀን እትዬ የዝና ገበያ በሄዱበት፣ ጓሮ ለአህዮች ከተከመረው ጭድ አንድ እቅፍ አመጣሁና ከበሩ እስከ ማሽኑ በተንሁት። አባየ እንደሚያደርጉት፣ የሳሳበትን እየሞላሁ። ስጨርስ ወለሉ ደረቀ። ደረቀ ማለቴ፣ ደረቅ መሰለ።

ጋሽ ሞላ ሲገቡ ቆመው አዩት። «ይህን ማን አደረገው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልሁ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

እትዬ የዝና ከኋላቸው ገቡ። «አየሽ የዝና!» አሉ ጋሽ ሞላ፣ «ስንት ዓመት ስትንበረከኪ ኖረሽ፣ የጉና ልጅ መጥታ በአንድ እቅፍ ጭድ ገላገለችሽ!»

እትዬ የዝና ጭንቅላቴን ሳሙኝ። በሰው ፊት ተመስግኜ የማላውቅ ልጅ ነኝ። ያን ቀን ፊቴ እስኪግል ድረስ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ መጥረጉ ቀረ። ዘይት ሲንጠባጠብ ጭድ እንጨምራለን፤ እንደገና ሲንጠባጠብ እንደገና እንጨምራለን።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እትዬ የዝና ኑግ በሰፌድ ይዘው ሲያልፉ እግራቸው ሸርተት አለና በርሜሉን ጨብጠው ተረፉ። ኑጉ ተበተነ። «አንቺ ልጅ፣ ዘይት ቤቱን አውድማ አደረግሽው! በሬ አምጥተን እናበራይበት እንዴ?» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን የእኔም እግር ሁለት ሦስት ጊዜ ጭዱ ላይ ሸርተት ብሎ ነበር። አውቄዋለሁ። ያመሰገኑኝን ነገር ራሴ «አይሆንም» ብዬ ለመናገር አፈርሁ። ያን ቀን አንዲት ቃል ብተነፍስ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የወደቅሁት በገበያ ቀን ነው። ሰው ሞልቷል። አንድ ሰው ከተጨመቀ ኑግ የሚተርፈውን ፋጉሎ፣ ለከብት የሚሆነውን፣ በጆንያ አድርጎ መተላለፊያው ላይ አቁሞት ነበር። እኔ ሙሉ ጀሪካን ይዤ፣ ሶሉ ባለቀ ኮንጎ ጫማ፣ ጆንያውን ልዞር ስል ጭዱ ከስሬ ሄደ። ቀኝ እግሬ በጆንያውና በበርሜሉ መካከል ተቀርቅሮ ቀረ፤ ሌላው አካላቴ ዞረ። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

መጀመሪያ ያየሁት እግሬን ሳይሆን ጀሪካኑን ነው። ክዳኑ አልተከፈተም። ተመስገን አልሁ።

እትዬ የዝና ሮጠው መጡ። «ምን ሆንሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«ደህና የሆነ ሰው በሐምሌ ብርድ ላብ በላብ ይሆናል?»

ጋሽ ሞላ ማሽኑን አስቆሙና በባጃጅ ወጌሻ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ወጌሻው እጃቸው የታወቀ ሽማግሌ ናቸው፤ የወለቀ ክንድ በእሳቸው እጅ ሲገባ ስንቱን አይቻለሁ፤ በክፋት አላነሳቸውም። ቁርጭምጭሚቴን በቅቤ አሹት፣ ሳቡት፣ አዞሩት። ነጠላዬን ነክሼ ዝም አልሁ። ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ዝም አልሁ። «ወለምታ ነው» አሉ። «ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ትጮኺ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። እግሬ አብጦ ጠቆረ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ። ከፍራሼ እስከ በሩ በቂጤ እየተንፏቀቅሁ እሄዳለሁ። እትዬ የዝና ጠዋት ውኃና ቆሎ አጠገቤ አስቀምጠው ይወጣሉ፤ ማታ ሲመለሱ የዘይት ቤቱን ሽታ ይዘውልኝ ይገባሉ፤ ያን ጊዜ ያ ሽታ እንዴት እንደሚናፍቀኝ! ከበራችን ላይ፣ ደመና ገለል ሲል፣ ጉና ይታያል። ቀኑን ሙሉ እሱን አያለሁ። አባየ ጋ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታ ላይ ሲወጣ ነው። እሑድ እሑድ ጉብታው ላይ ወጥተው ይደውላሉ።

«ለቡሄ ትመጫለሽ አይደል?»

«ሥራ በዝቷል፣ አባየ።»

«ይሁን። በርቺ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በነጠላዬ ውስጥ አለቅሳለሁ። እግሬ ተጎዳ ብላቸው እንዴት ብለሽ ነው የሚሉኝ። ምን እላለሁ? ጭድ በትኜ? ጭድ መበተን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

በሦስተኛው ሳምንት እትዬ የዝና ጎትተው ክሊኒክ ወሰዱኝና ወረፋ አስይዘውኝ ወደ ሥራ ሄዱ። ከእንጨት የተሠራች ረጅም አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ተራዬ ሲደርስ ልጇ የሚያተኩሳት ሴት አየሁና «ግቢ» አልኋት። ቀጥሎ አንድ አዛውንት ያስሉ ነበር፤ «እርስዎ ይግቡ» አልሁ። እንዲህ እንዲህ ስል እስከ መዝጊያው ሰዓት ተቀመጥሁ። ስገባ ሐኪሙ ደክሞታል፤ ምሳ የበላም አይመስለኝም።

«መቆም ትችያለሽ?» አለኝ።

«እችላለሁ።»

ግድግዳውን ተደግፌ በደህናው እግሬ ቆምሁ። እሱ ወረቀቱ ላይ እየጻፈ ነበር። ጅማት ነው ብሎ የሚዋጥና የሚቀባ መድኃኒት አዘዘልኝ።

ማታ እትዬ የዝና «ምን አልሽው?» አሉ።

«መቆም እችላለሁ አልሁት።»

«ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

እጃቸውን አጨበጨቡ። «ኧረ በእመቤቴ! ታዲያ ሐኪሙ ጠንቋይ ነው? በእግርሽ ላይ የሚዋሽ ምላስ ይዘሽ ገብተሽ እሱ ከየት ይወቀው?»

ሰዎች ታሪኬን ሲሰሙ ሐኪሙን ይረግሙልኛል። እኔ ግን አልረግመውም። የሰጠሁትን መልስ ነው የጻፈው።

መድኃኒቱ ሕመሙን አስታገሰ እንጂ እግሬ መሬት አልረግጥ አለ። በአምስተኛው ሳምንት ወደ ወጌሻው ተመለስን። ጣታቸውን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሳርፈው ቆዩና እጃቸውን አነሱ። ቅቤውንም ከደኑት።

«ልጄ፣ ይህ እኔ የማሸው አይደለም። አጥንት ነው። ያን ዕለት ዝም ብትይኝ ተታለልሁ» አሉ። «ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂና ራጅ ተነሺ።» ከዚያም እስከ በሩ ድረስ ደግፈው ሸኙኝ። እሳቸውን ባስታወስሁ ቁጥር ይህችን መሸኘት አስታውሳለሁ። ያላወቁትን አላውቅም ማለታቸው ነው ያዳነኝ።

ራጅ ማለት በሥጋ ውስጥ ያለውን አጥንት የሚያሳይ ፎቶ ነው። የደብረ ታቦር ሆስፒታል ዶክተሯ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ቁርጭምጭሚቴን ግራና ቀኝ የሚይዙት ሁለት አጥንቶች ተሰብረዋል፤ ከቦታቸው ተንሸራተው እንደተጣመሙ መግጠም ጀምረዋል።

«ቤትሽ የት ነው?» አለችኝ።

«ጉና።»

«ዳገት አለው?»

«ሦስት ሰዓት።»

ፎቶውን አወረደችው። «እንዲህ ከተተወ ሜዳ ላይ እያነከስሽም ቢሆን ትሄጃለሽ። ዳገትና ቁልቁለት ግን አይሆንልሽም። ባሕር ዳር ሄደሽ ቀዶ ሕክምና ይደረግልሽ። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ይሞከራል። ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም።»

ሌላውን ሁሉ አልሰማሁም። አባየ ደጅ መኪና አይደርስም። ባጃጅ አይደርስም። በእግሩ መውጣት የማይችል ሰው ያን ቤት አያየውም ማለት ነው። እኔ ደግሞ እዚያ ቤት የማልገባ ሰው እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እትዬ የዝና ከጋሽ ሞላ ፈቃድ ጠይቀው በሚኒባስ ይዘውኝ ሄዱ። ሐሙሲት ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር፤ መኪናው ቆመ፤ ሰው ሁሉ በመስኮት እያየ «የዝና! የዝና!» ይላቸዋል። «ልጅሽ ናት?» አለቻቸው አንዲት ሴት። «አዎ፣ ትልቋ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። እሳቸው ልጅ የላቸውም። ከዚያ እስከ ባሕር ዳር ድረስ እጃቸውን ይዤ ሄድሁ። አባየ ጋ የደወሉትም እሳቸው ናቸው።

አባየ በሁለተኛው ቀን ደረሱ። ድንች የሚቆፈርበት ጊዜ ነበር፤ ጥለውት መጡ። ከክፍሉ በር ላይ ጋቢያቸው ርሶ ቆመው አየኋቸው። ወደ አልጋዬ መጡና «ከሰው አፍ ልስማ?» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ያን ቀን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠው ሳይናገሩ ዋሉ። ዝምታዬን ከማን እንደወረስሁ ያን ቀን ገባኝ። ሲመሽ «ምን ላይ ወደቅሽ?» አሉኝ።

«ዘይት ላይ።»

ጭዱን አልነገርኋቸውም።

በቀዶ ሕክምናው ቀን ወገቤ ላይ መርፌ ወጉኝና ከወገቤ በታች ደነዘዝሁ። አልተኛሁም። መዶሻ የመሰለ ድምፅ ስሰማ የአባየን ደጅ አሰብሁ፤ ከአጥሩ በር እስከ ደፉ ስንት እርምጃ እንደሆነ ልቆጥር ሞከርሁ፤ ጠፋብኝ። የተጣመመውን አጥንት ለያይተው፣ አስተካክለው፣ በብረትና በብሎን አሰሩት፤ ከላዩ ጀሶ አደረጉበት።

ከአጠገቤ የተኛችው ሴትዮ ጭኗ የተሰበረ ነጋዴ ነበረች፤ ምላሷ ግን ደህና ነበር። ነርሷ መጥታ «ያምሻል?» ስትለኝ «ትንሽ» እላለሁ።

«ትዋሻለች!» ትላለች ሴትዮዋ። «ቅድም ትራሷን ስትነክስ በዓይኔ አይቻታለሁ። ያንን ትራስ ሳትጨርሰው ማስታገሻ ስጧት!»

ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፤ ነርሷም ትስቃለች፤ መርፌው ይመጣል። ሴትዮዋ ስትወጣ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «እኔ ከሌለሁ ማን ሊጮህልሽ ነው? መጮህ ተማሪ» አለችኝ። ስሟን ረስቻለሁ፤ ድምፅዋን አልረሳሁም።

ጀሶው ከተፈታ በኋላ እግሬ የሌላ ሰው እግር ይመስል ነበር፤ ቀጥኗል፣ ደርቋል፣ አልታጠፍም አለ። ደብረ ታቦር ተመልሼ በክራንች ወደ ሆስፒታሉ እመላለስ ጀመር። እንቅስቃሴ የምታሠራው ልጅ «ወንበር ላይ ተቀመጪና በአውራ ጣትሽ አየር ላይ ፊደል ጻፊ» አለችኝ። «ሀ ብለሽ ጀምሪ። በየቀኑ እስከ ፐ።» እኔም በእትዬ የዝና በር ላይ ተቀምጬ፣ ጉናን እያየሁ፣ በእግሬ ፊደል ቆጠርሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሀ ላይ እንባዬ ይመጣ ነበር። ታኅሣሥ ላይ መ ደረስሁ። አንደኛ ክፍል ሳለሁ አባየ የመብራቱን ክር ከፍ አድርገው ፊደል ሲያስቆጥሩኝ ትዝ ይለኝ ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ግን ስሳሳት ከድምፄ ያውቁ ነበር። ክራንቹን ጥዬ ዱላ ያዝሁ። የካቲት ላይ ፐን ጻፍሁ።

ሚያዝያ ላይ፣ ጋሽ ሞላ ተቀምጬ የምሠራው ሥራ ስላዘጋጁልኝ፣ ወደ ዘይት ቤቱ ተመለስሁ። በሩ ላይ ስደርስ የኑጉ ሽታ ተቀበለኝ፤ ልቤ ሞላ። እትዬ የዝና እልል አሉ። ከዚያ ወደ ታች አየሁ።

ጭዱ እዚያው ነበር። ከበሩ እስከ ማሽኑ፣ በደንብ ተደርጎ ተበትኗል።

«ያስተማርሽንን አልረሳንም» አሉ ጋሽ ሞላ እየሳቁ።

በእኔ ቦታ የገባች አዲስ ልጅ ሙሉ ጀሪካን ይዛ ከማሽኑ ወደ በሩ ትመጣ ነበር። ጫማዋ ኮንጎ ነው።

«ቁሚ!» አልሁ።

ማሽኑ እየጮኸ ሁሉም ሰማኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ እኔም አላውቅም ነበር። ልጅቷ ቆመች። ጋሽ ሞላ ማሽኑን አጠፉት። ያን ጊዜ ዝምታው መጣና ሁሉም እኔን አየ።

«የጣለኝ ጭዱ ነው» አልሁ። «ጭቃ ላይ ጭድ ይገባል፤ ከጭቃው ጋር ይያያዛል። ሲሚንቶ ላይ የሚገባበት የለውም። ከስሩ ዘይት አለ፤ ከላይ እኛ አለን። ዘይቱን ደበቀብን እንጂ አላደረቀውም።»

ጋሽ ሞላ ጎንበስ ብለው ጭዱን በእጃቸው ገለጥ አደረጉት። «ለምን ያኔ አልነገርሽንም?»

«አመስግነውኝ ነበር። አፈርሁ።»

«እኔስ?» አሉ እትዬ የዝና። «እኔ ተንሸራትቼ ስቄ አለፍሁ። ጉልበቴን ስላሳረፈኝ ደግሞ ለምን ብዬ ልናገር?»

ጋሽ ሞላ ጃኬታቸውን አወለቁና መጥረጊያውን ራሳቸው አነሱ። ያን ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ማሽኑ አልተነሳም። ጭዱን ስናነሳው ከስሩ ያገኘነው ዘይት ጣት ያሰጥማል። አሁን እዚያ ቤት ዘይት ሲፈስ የፈሰሰበት ሰው እዚያው ቆሞ ይጣራል እንጂ ጥሎ አይሄድም። ሰጋቱራ፣ የእንጨት ዱቄቱን ማለቴ ነው፣ ይደረግበትና ዘይቱን ሲጠጣ ወዲያው ተጠርጎ ይወጣል፤ ተዘርቶ አይቀመጥም። ማታ በትኩስ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ መጥረጊያው ረጅም እንጨት ስላለው መንበርከክ ቀርቷል። የሚንጠባጠብበት ቦታ ጣሳ ተቀምጧል። መተላለፊያው ላይ ጆንያ ያቆመ ደንበኛ ከእትዬ የዝና አፍ አያመልጥም። ሶሉ ያለቀ ጫማም በበሩ አይገባም። ይህን ሁሉ ማድረግ ብዙ አላስቸገረም። የቸገረው መናገሩ ነበር። አንዴ ሸርተት ብሏችሁ በርሜል ጨብጣችሁ ከተረፋችሁ፣ እባካችሁ፣ ስቃችሁ አትለፉ።

ሰኔ ላይ ወደ ቤቴ ወጣሁ። አባየ እስከ መኪና መንገዱ ድረስ በቅሎ ልከውልኝ ነበር፤ ከታናሽ እህቴ ጋር። ዳገቱን ግማሽ በበቅሎዋ፣ ግማሽ በእግሬ ወጣሁት። ሦስቱ ሰዓት አምስት ሆነብኝ። እግሬ ብርዱን እንደ ሰው ያውቀዋል፤ ብረቱ ያለበት ቦታ ይጠዘጥዘኛል። ቁልቁለት ላይ እህቴን እይዛለሁ። ግን ወጣሁ። የመጨረሻዋ ጠመዝማዛ ላይ የቤታችን ጣራ ሲታየኝ «በቅሎዋን ወደፊት ውሰጃት» አልኋት። ያን ደጅ ከበቅሎ ላይ ሆኜ ልገባበት አልፈለግሁም።

ከማለዳ ጀምሮ ዘንቦ ነበር። አጥሩ በር ላይ ስደርስ ቆምሁ።

ደጁ ከዳር እስከ ዳር ማጥ ነው። በመካከሉ፣ ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ደፍ፣ ወፍራም የገብስ ጭድ ተበትኗል። ሰኔ ላይ ጭድ እንደማይገኝ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከብቱ አዲስ ሳር እስኪያገኝ የሚጠበቅ የመጨረሻው ነው። አባየ ደፉ ላይ ቆመው ነበር።

«ምነው ቆምሽ? ለአንቺ ነው» አሉ።

እግሬ አልነሳ አለ። ጭዱን ባየሁ ቁጥር ያ የጭራሮ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

«አባየ፣ ያኔ ያልነገርሁዎት ነገር አለ» አልሁ፣ ከአጥሩ በር ላይ ሆኜ። «ወለሉ ላይ ዘይት ነበረ። እኔ ጭድ በተንሁበት። ጭዱ ነው የጣለኝ።»

አባየ ጭዱን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

«ሲሚንቶ ላይ?»

«ሲሚንቶ ላይ።»

«ሲሚንቶ ላይ ጭድ ይበተናል እንዴ! ማን አስተማረሽ?»

ቀና ብዬ እሳቸውን አየኋቸው። እሳቸውም ወዲያው ገባቸው። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር መጣና ሄደ፤ ይስቁ ወይም ያለቅሱ እንደሆነ አላወቅሁም። ከደፉ ወረዱና በጭዱ ላይ ወደ እኔ መጡ፤ በመካከል ቆመው በሁለት እግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉት፣ እኔ እንዳይ።

«ይህ ጭቃ ነው» አሉ። «የአባትሽ ጭቃ። ነይ።»

እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን አልቀረቡኝም። ዱላዬን አጥሩ ላይ አስደገፍሁ። ቀኝ እግሬን፣ ብረት ያለበትን፣ አነሳሁና ጭዱ ላይ አሳረፍሁት። ጭዱ ሰጠም አለ፤ ጭቃው በጫማዬ ግራና ቀኝ ብቅ አለ፤ ያ የጥንቱ ሽታ ወጣ።

ያዘኝ።